የዶርቃስ ዘጠና ስድስት

የአምቦ ሰው ዓይነ ስውር ሲያይ መጀመሪያ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ቀጥሎ ክንድ ይይዛል። ወዴት ነው የምትሄጂው ብሎ መጠየቅ ግን ሞቱ ነው። መምህርት ዶርቃስ ዋቅጋሪ ከትምህርት ቤት ወጥታ አስፋልቱ ዳር የጉደርን ሚኒባስ ስትጠብቅ፣ ስንቱ ጽድቅ የራበው ክንዷን ጨምድዶ ወደማትፈልገው ማዶ እንዳሻገራት ቤት ይቁጠረው። እሷም ማዶ ደርሳ፣ ሰውዬው "አይዞሽ እናቴ" ብሎ እስኪሄድ ጠብቃ፣ በበትሯ መንገዱን እየፈተሸች ትመለሳለች። ድሮ ድሮ ታመሰግን ነበር፤ አሁን ትታዋለች። አንዳንዱ ደግሞ ሲያናግራት ይጮኻል። ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ መች ጠፋ?

እንግዲህ ይቺ ሴት ምላሷ ስለታም ነው። ከአሁኑ መናገር ይሻላል፤ አንገቷን የደፋች፣ ፈገግ ብላ የምታመሰግን፣ ለፎቶ የምትመች ዓይነ ስውር የፈለገ ሰው ሌላ ደጅ ይጠይቅ።

የተወለደችው ጎጆ ነው፤ ብርዱ አጥንት ዘልቆ የሚገባበት፣ መንገዱ ጎማ የሚበላበት ከተማ። አራት ዓመቷ ላይ ኩፍኝ ዓይኗን ይዞባት ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እየመጣ ቤታቸው ይቀመጥ ጀመር። አባቷ ኦቦ ዋቅጋሪ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ ችለው ችለው አንድ ቀን መረራቸውና፣ ልጄ አልሞተችም፣ ማልቀስ ካማራችሁ ሰው የሞተበት ቤት ሂዱ ብለው አባረሯቸው። ምላሷን ከማን እንደወረሰች ግልጽ ነው። ከዚያ እጇን ይዘው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት። እዚያ ብሬል ተማረች፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ አጠናች፣ ተመርቃ አምቦ ተመደበች፤ ቤት የተከራየችው ግን ጉደር ነው።

የምታስተምረው አሥረኛ ሐን ነው። አሥረኛ ሐ ማለት ሌላው መምህር እግሩን እየጎተተ የሚገባበት ክፍል ነው። ኋላ ወንበር የሚቀመጡት ጎረምሶች የኬሚስትሪውን መምህር አስለቅሰውታል ይባላል። ዶርቃስ ስትገባ ግን ዝም ይላሉ። ፈርተዋት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ፈርተዋትም ነው። ሁሉንም በድምፃቸው ለይታ በስም ትጠራለች፣ ወንበር ሲንቋቋ ማን ሊሾልክ እንደሆነ ታውቃለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ስታስተምር ደወሉ ቢደወልም የሚነሳ የለም። እሷም ብትሆን ከዚያ ክፍል ሌላ ብዙ ነገር የላትም። አላገባችም፣ ዕድርና ማኅበር አይሆንላትም፣ የቸርች ሴቶች ዓይኗ እንዲበራ ሊጸልዩላት ሲሰበሰቡ ጥላቸው ትወጣለች። አሥረኛ ሐ ፊት ቆሞ ማስተማር ነፍሷ ነው። ይሄን የወሰደባት ሰው ሁሉን ነገር ወሰደባት ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። በአገራችን ዓይነ ስውር ሲፈተን አንባቢ የሚባል ሰው ይመደብለታል። ጥያቄውን ያነብለታል፣ መልሱን ሰምቶ ያጠቁርለታል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አንባቢው ግን ሰው ነው። ዶርቃስ ያልገጠማት የአንባቢ ዓይነት የለም። ማስቲካ እያላመጠ የሚያነብ አለ። ምንባቡ ሲረዝምበት ይሄ እንኳ አያስፈልግሽም ብሎ የሚዘል አለ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ የተመደበላት ደግሞ፣ ጨርሰው ሲወጡ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ተሳስተሽ ነበር፣ አስተካክዬልሻለሁ አላት። የታሪክ ፈተና ላይ እኮ ነው። ሰውዬው የስፖርት አስተማሪ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ የትኛው የሷ፣ የትኛው የሱ እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም፤ ዛሬም ስታስበው ደሟ ይፈላል።

ስለዚህ በስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ስክሪን ሪደር የሚሉት፣ እጇ የገባ ቀን በሯን ዘግታ ዋለች። ያነበበችው ትልቅ ቁም ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የጫማ ማስታወቂያ ነበር። ግን ማንም ሳያነብላት፣ ማንም ሳይዘልባት፣ ማንም ሳያስተካክልላት ራሷ አነበበችው። ደስ ብሏት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የስልኩን ድምፅ እያፈጠነች እያፈጠነች ሄዳ፣ አሁን አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የተበላሸ ሬዲዮ ይመስለዋል። እሷ አንድም ቃል አያመልጣትም።

በ2015 ዓ.ም. ታዲያ ዲጂታል መጣ። ዲጂታል የሚለው ቃል ያልገባበት ስብሰባ በዚያ ዓመት አልነበረም። ሹም ሁሉ አፉን ሞልቶ ይለዋል፤ ምን ማለት ነው ብትሉት ያፈጥባችኋል። አንድ ፕሮጀክት ለመምህራን በስልክና በኮምፒውተር የሚወሰድ ኮርስ አዘጋጀ። ቪዲዮ አለው፣ ሙዚቃ አለው፣ በጣት እየተጎተተ ቦታው የሚገባ ሥዕል አለው። ኢንተርአክቲቭ መልቲሚዲያ ነው ተባለ። መጨረሻው ላይ ፈተና አለ። ያለፈ ያስተምራል፤ ያላለፈ ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ወደ ሌላ የሥራ መደብ ይዛወራል። ሌላ የሥራ መደብ ማለት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ አቧራ መጠበቅ እንደሆነ መምህር ሁሉ ያውቃል።

ዳይሬክተሩ ሥዩም ይህንን በስብሰባ ሲያስታውቅ ድምፁን ወደ ዶርቃስ አዞረ። ሥዩም ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ክፉን ሰው ተጣልታችሁ ትገላገሉታላችሁ፤ እሱ ግን ለስላሳ ነው፣ ሲይዙት ያሟልጫል። ለዶርቃስ አንባቢ እንመድብላታለን፣ ጸሐፊያችን አርሴማ አለችላት አለ። ዶርቃስ አንባቢ አልፈልግም፣ ስልኬ ያነብልኛል፣ ራሴ እሠራዋለሁ ብላ መለሰችለት። ሥዩም "ጋሪዳ፣ ጋሪዳ" አለ። መልካም ነው ማለቱ ነው፤ ከነገር ሊሸሽ ሲል ኦሮምኛ ይቀናዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮርሱን ከፈተችው። ስልኩ "ቁልፍ" አላት። ጣቷን አሳለፈች፤ "ቁልፍ" አላት። እንደገና አሳለፈች፤ "ቁልፍ"። የምን ቁልፍ? ወደፊት ይሁን ወደኋላ፣ ጀምር ይሁን አጥፋ፣ ስም የሚባል ነገር አልሰጡትም። ዓይን ያለው ሰው ምልክቱን አይቶ ይጫነዋል፤ ስልክ ግን የተጻፈለትን ነው የሚያነብ፣ ካልተጻፈለት ከየት ያምጣ? በስንት መከራ አንዱን ብትጫነው ቪዲዮ ተከፈተ። ክራር ተንቆረቆረ፣ ከበሮ ተመታ፣ አንድ ሰው "እዚህ ላይ እንደምታዩት" አለ፣ ክራሩ ቀጠለ። ምን እንደሚያዩ የተናገረ የለም። ቀጥሎ ሥዕሎቹን እየጎተታችሁ ከትክክለኛ ቦታቸው አኑሩ የሚል መጣ። ስልኩ "ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል" ብቻ ነው የሚላት። ደግሞም በስክሪን ሪደር ለሚጠቀም ሰው ጣት ሲጎተት ስልኩ ማንበብ ይጀምራል እንጂ ሥዕሉ ንቅንቅ አይልም።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ድምፅ አለ። ገጽ በተከፈተ ቁጥር ሳይጠሩት የሚጀምር የወንድ ድምፅ፣ ከነሙዚቃው። "ውድ ማየት የተሳናችሁ ወገኖቻችን፣ እንኳን ወደዚህ ዘመናዊ ትምህርት በሰላም መጣችሁ" ይልና የክቡራን እንግዶችን ስም ከነማዕረጋቸው፣ የተባባሪዎችን ምስጋና ከነዝርዝሩ ያወርደዋል። እኛ ሰርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ድልድይ ስናስመርቅም እንግዳ ሳናመሰግን አንጀምርም፤ ይኸው ልማድ ስልክ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ሲናገር ደግሞ የስልኳ ንባብ ይዋጣል። ለዓይነ ስውር ተብሎ የተጨመረው ነገር ዓይነ ስውሯን ደንቆሮም አደረጋት። ማቆሚያውን ልፈልግ ብትል ያው ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ ነው።

የድምፁ ባለቤት ኢዮሲያስ ይባላል፤ ኮርሱን የሠራው ባለሙያ። ከአዲስ አበባ መጥቶ አምቦ ሆቴል ይዞ የተቀመጠ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ክፍል የሚገባ ወጣት ነው። ዶርቃስ ፕሮጀክቱ ቢሮ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ደስ አለው። ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም ዓይነ ስውር ኮርሱን ሲከፍት አላየም ነበር፤ አስከፍቶም አያውቅም። ለዓይነ ስውር ሲሠራ ከርሞ ዓይነ ስውር ያልጠየቀ ሰው ምን ይባላል? ድምፁን ወደዱት ወይ ብሎ ጠየቃት። ስቱዲዮ ገብቶ ስንት ቀን እንደቀዳው ሊያወራላት ሲጀምር አቋረጠችው።

"ድምፅህ አያስፈልገኝም" አለችው። "ስልኬ ድምፅ አለው። ያንተ ሥራ ቁልፎቹን ስም ማውጣት ነው።"

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችው። እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ በጽሑፍ ይቀመጥለት፣ ስልኩ ያነበዋል። ሥዕሉ ምን እንደሆነ ከሥሩ ይጻፍ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ነገር በቃል ይነገር። የሚጎተተው ሥዕል ሳይጎተት ከዝርዝር የሚመረጥበት መንገድ ይኑረው። ድምፅ የሚባል ነገር ደግሞ ሰው ሳይጠራው አይጀምር። ይሄ የጠንቋይ ሥራ አይደለም፣ ስታስበው ቪዲዮው ላይ ካስገባኸው ክራር ይቀላል አለችው። ኢዮሲያስ እሺ አለ፣ እሺ አለ፣ አሁንም እሺ አለ። የቢሮ እሺ ምን እንደሆነ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ምዕራፍ እናካትተዋለን ብሎ ሊሸኛት ሲነሳ ለሪፖርት አንዲት ፎቶ አለና ክንዷን ይዞ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጣት። ኮምፒውተሩ ዝም ማለቱን ሰምታ እንዳልበራ አውቃለች፤ ጠፍቷል እኮ ከማለቷ ግን ፎቶው ተነስቶ አልቋል።

ዓይን ያላቸው መምህራንስ ኮርሱን ተማሩት ወይ? ኧረ ተዉኝ። ለሁሉም የተማረላቸው የሒሳቡ መምህር በድሉ ነው። የይለፍ ቃሉ የሁሉም አንድ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ስምና አንድ ሁለት ሦስት። በድሉ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ እየታዘዘለት፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይከፍታል። ቪዲዮ አይሰማ፣ ምንባብ አያነብ፤ በቀጥታ ፈተናው ውስጥ ይገባል። ጥያቄዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ መልሱን ጣቱ ለምዶታል። ተሳስቶ ዝቅ ያለ ውጤት ከመጣ እንደገና ይሠራዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው። ለራሱ ዘጠና ስምንት አመጣ፤ ለቀሩትም እንደየቅርበታቸው አደላቸው። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ዶርቃስን ሲያዩ ከንፈር የሚመጥጡት። ራሳቸው አንባቢ ቀጥረው ሲፈተኑ ቅንጣት አላፈሩም። እሷ ደግሞ ፈተናውን በቀጥታ መክፈት እንደሚቻል እያወቀች፣ ሳልማር አልፈተንም ብላ ሁለተኛው ትምህርት ላይ ተቸክላ ቀረች።

ጸሐፊዋ አርሴማ ልቧ አላስቻላትም። አርሴማ የሰው መከራ የሚያንሰፈስፋት፣ ጾም የማታጎድል ሴት ናት። ዶርቃስ በየእረፍቱ ጥግ ይዛ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ደቅና ስትበሳጭ ባየች ቁጥር እንባዋ ይመጣል። በነቢያት ጾም አንድ ዓርብ፣ ዶርቃስ አሥረኛ ሐን እያስተማረች ሳለ፣ ቢሮዋን ዘጋችና በዶርቃስ ስም ገብታ ፈተናውን ሠራችላት። በድሉን እንኳ አልጠየቀችም። ቀስ ብላ፣ እያነበበች፣ ሥዕሉን በጣቷ እየጎተተች። ዘጠና ስድስት አመጣች። በዚያ ትምህርት ቤት ጥያቄዎቹን ከልቡ አንብቦ የመለሰ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ መምህር አይደለችም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምጽዋት አይወራም ብላ።

ኢዮሲያስ ውጤቶቹን ሲያገላብጥ የዶርቃስን ስም ከዘጠና ስድስት ጋር አገኘው። በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ዓይነ ስውር መምህርት ኮርሱን ራሷ ሠርታ ይሄን ካመጣች ኮርሱ ለዓይነ ስውራን ተስማሚ ነው ማለት አይደል? ከጥቂት ወራት በፊት ፊቱ ቆማ አንድም ቁልፍ አይነበብልኝም ያለችው ይቺው ሴት መሆኗን ዓይኑን በጨው አጥቦ ረሳው። የተማሪዎች ትምህርት በዚሁ ዓይነት ተሠርቶ ለሙከራ በየወረዳው መታደል ተጀምሮ ነበርና፣ ትልቅ የምረቃ በዓል ተዘጋጀለት። ዶርቃስም በዚያ ላይ እንድትሸለም ተወሰነ።

ሥዩም ቢሮ ጠርቶ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ስህተት መሰላት። እኔ ገና ፈተናውን አልከፈትኩም፣ የማን ውጤት ነው አለችው። ያኔ አርሴማ ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጥታ እጇን ያዘቻት።

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነው" አለቻት። "ለነፍሴ ብዬ።"

ዶርቃስ እጇን አስለቀቀች። ለነፍስሽ ከሆነ ነዳያን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሞልተውልሻል፣ እኔ ምን አድርጊልኝ ብዬሽ ነው አለቻት። አርሴማ ማልቀስ ጀመረች፤ ዶርቃስ አላዘነችላትም። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ስልኩ መጥቶ፣ አሁንም የሷን መልስ ሌላ ሰው መለሰላት፤ ያውም ሳትጠየቅ።

ሥዩም በሩን ዘግቶ በዚያ ለስላሳ አንደበቱ አስረዳት። ነገሩ ቀላል ነው። ዝም ካልሽ አሥረኛ ሐ ያንቺ ናት፣ ትሸለሚያለሽ፣ አርሴማም ከነልጆቿ አትበተንም፣ የትምህርት ቤታችንም ስም ይነሳል። ከተናገርሽ ግን ውጤቱ ይሰረዛል፤ ያላለፈ ሰው የት እንደሚሄድ ደግሞ ታውቂዋለሽ አላት። እውነቱን ለመናገር ዶርቃስ ዝም ልትል ነበር። አሥረኛ ሐን አጥታ እንዴት እንደምትኖር ማሰብ አቃታት። ምን ቸገረኝ፣ አገሩ ሁሉ በበድሉ አልፎ የለም ወይ ብላ ራሷን አሳመነች።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በከተማው የፌስቡክ ገጽ ላይ ስለሷ ተጻፈ። ስልኳ ነው ያነበበላት። መጀመሪያ "ሥዕል" ብሎ አለፈ፤ ያቺ ባልበራው ኮምፒውተር ፊት የተነሳችው ፎቶ መሆኗ ነው። ቀጥሎ መምህርት ዶርቃስ እንዲህ ብላለች አለና፣ "ይህ ኮርስ የጨለመውን ሕይወቴን አበራልኝ" ሲል አነበበላት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ከሚወጣ ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። በንዴት ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው።

በማግሥቱ ከጎጆ ስልክ ተደወለላት። መቲ የምትባል ዓይነ ስውር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የነኦቦ ዋቅጋሪ ጎረቤት ልጅ። ትምህርት ቤቷ ያን የሙከራ ትምህርት በታብሌት ሰጥቷታል። ሰላምታዋን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

"ቲቸር፣ እርስዎ ዘጠና ስድስት ያመጡበትን እኔ መክፈት አቃተኝ" አለቻት። "ቁልፍ ቁልፍ ብቻ ነው የሚለኝ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?"

ዶርቃስ መልሼ እደውልልሻለሁ ብላ ዘጋችው። ልጅቷ ሰነፍ ነኝ ብላ ተቀምጣለች፤ ሰነፍ ያሰኛት ደግሞ ኢዮሲያስ ብቻ አይደለም፣ የዶርቃስ ዘጠና ስድስትም ነው። በሌላው ሁሉ ስትናደድ ኖራ፣ በዚያች ቀን የናቀችው ራሷን ነበር።

በዓሉ በጥር ወር አምቦ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ክቡራን እንግዶች ፊት ረድፍ ላይ ተደረደሩ፤ ውሃው በየፊታቸው፣ አበባው በየደረታቸው። ንግግር ተደረገ። ስለ ንግግሩ ሌላ ንግግር ተደረገ። ኢዮሲያስም በዚያ ድምፁ ማንም ወደኋላ አይቀርም አለ። ከዚያ የዶርቃስ ስም ሲጠራ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ብብቷ ሥር ገብቶ ተሸክሟት ሊወጣ ምንም አልቀረው። ማይክሮፎኑን ሰጧትና ሁለት ቃል ምስጋና በይ አሏት።

"ዘጠና ስድስቱን እኔ አልሠራሁትም" አለች። "ፈተናውን አሁን እዚሁ ልሥራው።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ትሕትና መሰላቸው። መድረክ መሪው እንዲያውም ትሕትናዋን ተመልከቱልኝ አለ። ዶርቃስ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ስልኳን ማይክሮፎኑ አጠገብ አስጠግታ ፈተናውን ከፈተች። ስልኩ "ቁልፍ" ሲል ስልኩ ተናገረ ብለው እንደገና አጨበጨቡ። የኢዮሲያስ ድምፅ ፈንድቶ ወጣና ክቡራን እንግዶችን በየስማቸው ጠራ፤ ስሙ የተጠራው ሁሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስታልፍ ድምፁ እንደገና መጣና እንደገና ጠራቸው። ሁለት ሰው ብቻ ተነሳ። ሦስተኛው ላይ የተነሳ የለም። ዶርቃስ እያንዳንዱን ቁልፍ እየነካች፣ ያንን ውዳሴ እያስጨረሰች፣ ከሥሩ የተዋጠውን ጥያቄ እየለቀመች ቀጠለች። ሳል ተጀመረ፣ ወንበር ተንሿሿ። ሆቴሉ ያዘጋጀው ምሳ እየቀዘቀዘ ነው የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ወደ ፊት መጣ።

በመጨረሻ ትልቁ እንግዳ ተነሱና "ገለቶሚ ልጄ፣ ይበቃል፣ አይተናል" አሏት። እግዜር ይስጥሽ ማለታቸው ነው። ዶርቃስ አልጨረስኩም አለች። ሰውዬው ትንሽ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ለምሳ ወጡ፣ ሌላውም ተከትሏቸው ወጣ። ሥዩም በአጠገቧ ሲያልፍ ምን አደረግሽኝ ብሎ አንሾካሾከላት። ለመስማት የተሰበሰበ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ አንዱን ፈተና እንኳ እስከ መጨረሻው መስማት አልቻለም፤ ክትፎ ጠራው።

የቀረው ኢዮሲያስ ነው። ድምፅ ማጉያው በሱ ስም የተከራየ ስለሆነ ጥሎ መሄድ አልቻለም። መጀመሪያ ላይ ሰበብ ይደረድር ነበር፤ ጊዜው አጭር ነበር፣ ፕሮግራመሩ ሌላ ሰው ነው፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ይላል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ከዚያ ሰበቡን ትቶ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ባዶ አዳራሽ ውስጥ የራሱ ድምፅ የሌሉ እንግዶችን ደግሞ ደጋግሞ ሲያመሰግን ሰማ። ዶርቃስ በጽሑፍ ያለውን እየመለሰች፣ የሚጎተተውን ሥዕል ነካክታ ነካክታ እያለፈች መጨረሻው ገጽ ደረሰች። ስልኩ አራት ጊዜ "ቁልፍ" አለ።

"ላክ የሚለው የትኛው ነው?" ብላ ጠየቀችው።

ኢዮሲያስ ከላኩት ዘጠና ስድስቱ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ነው የሚይዝ አላት። አውቃለሁ አለችው። ማስተማሩም ይቀርብዎታል አላት። እሱንም አውቃለሁ አለች፣ ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"የትኛው ነው ወንድሜ?"

"ሦስተኛው" አለ።

ተጫነችው። ስልኩ "ውጤት፣ ሠላሳ አንድ፤ አላለፉም" ብሎ አነበበ። ኢዮሲያስ ተነስቶ ቀረባት። ከውስጥ ገብቼ ልመልሰው እችላለሁ፣ ማንም አላየም፣ እኔና እርስዎ ብቻ ነን አላት።

"አትንካው" አለችው። "የኔ ነው።"

በትሯን አንስታ ወጣች። አስፋልቱ ዳር ቆማ መጀመሪያ የደወለችው ለመቲ ነው። የተሳሳትሽው አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ራሴ ሠርቼው ሠላሳ አንድ አመጣሁ አለቻት። መቲ እውነት ቲቸር አለች፣ ከዚያ ሳቀች። ዶርቃስም ሳቀች፤ የጉደሩ ሚኒባስ ውስጥ ግን መስኮቱን ተደግፋ እስከ ቤቷ ድረስ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ከንፈሯን መጠጠች።

ኢዮሲያስ በሪፖርቱ ላይ ለዓይነ ስውራን ተስማሚ ነው የሚለውን መጻፍ አልቻለም፤ ያለው ማስረጃ ሠላሳ አንድ ነው። የሙከራው ታብሌት ቁልፎቹ ስም እስኪወጣላቸው ይቁም ተባለ። ይወጣላቸው አይወጣላቸው እግዜር ይወቅ።

ሰኞ ጠዋት አሥረኛ ሐ ዶርቃስን ሲጠብቅ በድሉ ገባ። የታሪክ ክፍለ ጊዜው ለሱ ተሰጥቷል። ታሪክ አስተምሮ አያውቅም፤ ግን አልፏል።